ከማዳበሪያው ቀድሞ የመጣው ሰሌዳ

ግንቦት 6 ቀን 1978

ሙቀቱ እንደ ትናንቱ። የብስክሌቱ ጎማ ገና ከናዝሬት ወጣ እንዳልኩ ተነፈሰ። የቀረውን መንገድ ብስክሌቱ እኔን ሳይሆን እኔ ብስክሌቱን ወሰድኩት። መንግሥት ይህን ብስክሌት ለግብርና ሠራተኛ የሰጠው ገበሬው ዘንድ ቶሎ እንድንደርስ ነው...

አምራቾች ማኅበሩ ጋ ስደርስ ከአስፋልቱ ዳር ባለው የጋራ መሬት ላይ የሆራን ከብቶች አገኘሁ። እንደገና። ሆራ በዕድሜ ከአባላቱ ትልቁ፣ በስብሰባ ላይ ዝምተኛው፣ መመሪያ በመተላለፍ ግን አንደኛው ነው። ከብት ሁሉ በአዲሱ መንደር፣ በገመድ ተለክቶ በተሠራው በረት ይደር ከተባለ ወራት አልፈዋል። እሱ እቴ! ማሳው ላይ በእሾህ አጥሮ ያሳድራቸዋል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ደግሞ አጥሩን ይነቅልና ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ይተክለዋል። ለምን እንዲህ እንደሚደክም ጠየቅኩት።

«መሬቱ ይብላ ብዬ» አለ።

«አባቴ፣ መሬት የሚበላው በከረጢት የሚመጣውን ነው። ይኼ ማዳበሪያ አይደለም፤ ቆሻሻ ነው» አልኩት።

ሁለት ዓመት ኮሌጅ የቆየሁት ይህችን ለመናገር ነው። ሆራ ሳቅ አለና እበቱን በእንጨት መበተኑን ቀጠለ።

ቢሮ ተመልሼ ሪፖርት ጻፍኩ። «ኋላቀር አሠራር» የሚለውን ሦስት ቦታ አስገባሁት። ስሙንም ከነአባቱ። «የጋራውን መሬት በእበት በመበከል ላይ የሚገኝ»... ይህችን ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ታምራለች። የወረዳው ግብርና ኃላፊያችን ጓድ ተክለሃይማኖት እንዲህ ያለ አጻጻፍ ይወዳሉ። ለቡልጋሪያው የነፃ ትምህርት ዕድል ዕጩ የሚመርጡትም እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም። በፍጹም።

ግንቦት 20

ስብሰባ። ኅዳር ላይ ከበላይ አካል ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። ጓድ ተክለሃይማኖት የስንዴ ሠርቶ ማሳያ ይዘጋጅ አሉ። ቦታ ለመምረጥ አብረን ወጣን። አፈሩን ዝቅ ብለው አላዩም፤ መንገዱን ነው ያዩት። እንግዶቹ ከመኪና መውረድ ባይፈልጉም እንዲታያቸው ከአስፋልቱ ዳር ይሁን አሉ።

የትኛው መሬት? ሆራ ከብቶቹን የሚያሳድርበት! ካለው መሬት ሁሉ እሱ።

ኃላፊነቱ የእኔ ነው። «ብዙነህ፣ ይህ ስንዴ ቡልጋሪያ፣ ሶፍያ ያደርስሃል» አሉኝ። ስንዴው ገና ጆንያ ውስጥ ነው፤ እኔ ግን መንገድ ጀምሬያለሁ።

ሰኔ 12

የሆራን አጥር አስነቀልኩ። እበቱን አስጠርጌ ንጹሕ መሬት ላይ ልዘራ ነበር ሐሳቤ። ጠራጊ ጠፋ። አባላቱ በሙሉ በረቂቅ ሕገ መንግሥቱ ላይ ሊወያዩ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ይቅር፣ እላዩ ላይ ይታረስ አልኩ።

በምን ይታረስ? ትራክተሩ መለዋወጫ ከጠየቀ ሦስት ወሩ ነው። መቀመጫው ላይ ዶሮ ዕንቁላል ጥላለች። ቢያንስ አንድ ነገር አመረተ...

በመጨረሻ ማን አረሰው? ሆራ። በገዛ በሬዎቹ፣ በዳለቻና በቦራ። ሳይንሳዊው ሠርቶ ማሳያ በሆራ በሬ፣ በሆራ እበት ላይ ታረሰ። ይህን ለማንም አልነገርኩም። እዚህ ብቻ።

ሰኔ 27

ሰሌዳው ደረሰ። ናዝሬት ያለው ጽሑፍ ሠሪ ቀለም አይሰስትም። በነጭ ላይ በደማቅ ቀይ፦ «ዳፕ 100 ኪሎ፣ ዩሪያ 50 ኪሎ በሄክታር። የሳይንሳዊ ግብርና ውጤት።» ባዶ መሬት ፊት ተከልነው። ውጤቱ ቀድሞ ቆሟል፤ አሁን የጎደለው ምክንያቱ ብቻ ነው።

ማዳበሪያው፣ ዳፕና ዩሪያው፣ መንገድ ላይ ነው ይላሉ። የትኛው መንገድ ላይ?

ሐምሌ 10

አልመጣም። ራሴ ሞጆ ድረስ ሄድኩ። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሙሉ ነው። የማውጫ ወረቀቱ ላይ የሚፈርሙት ሰው ግን ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገስ? ነገም። ከነገ ወዲያስ? የመጋዘኑ ጸሐፊ ሻዩን እያማሰለ አየኝና፣ «ወንድሜ፣ እኔ በር ነው የምጠብቀው» አለኝ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ምን ኃጢአት ቢሠራ ነው እያልኩ ተመለስኩ።

ሐምሌ 13

ዘራሁ። ያለ ማዳበሪያ።

ሆራ ሰማዩን አየና፣ «ኢልመ ኮ፣ ዝናቡ ጓድህን አይጠብቅም» አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው። ከማን ወገን ነው የሚያወራው እያልኩ ተናደድኩ፤ ከዝናቡ ወገን ነው ለካ። ዘሩን በትነን በበሬዎቹ ሸፈንነው። የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን።

ሲያበቃ ሰሌዳው ላይ ያለው ምን እንደሚል ጠየቀኝ። ማንበብ አይችልም። አነበብኩለት። ፊደሎቹን በጣቱ ዳሰሰና፣ «ጥሩ ቀለም ነው» አለ።

ነሐሴ 6

ምን ጉድ ነው?

አጠገቡ ያለው የማኅበሩ ስንዴ ወባ እንደያዘው ሰው ገርጥቷል። የእኔው ጥቁር አረንጓዴ ነው። (የእኔው! እንዴት እጄ ጻፈው?) ትናንት ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር። የማኅበሩ ማሳ ላይ ውሃው ተኝቷል፤ እዚህ ግን ጠጥቶታል። አንድ ሥር ነቀልኩ። አፈሩ በእጄ ፍርፍር አለ። ትል ሞልቶታል።

ሆራን እንደ ዘበት ጠየቅኩት። እንደ ዘበት ነገረኝ። አምና እዚህ ቦሎቄ ነበር የዘሩት፤ ከቦሎቄ በኋላ ስንዴ ይስማማዋል። ከአጨዳ በኋላ የቀረውን አገዳ አያቃጥሉም፤ አይነቅሉም። ከዚያ በረቱ ይመጣል፤ አሥራ አምስት ቀን እዚህ፣ አሥራ አምስት ቀን እዚያ። ከብቱ ሲረግጠው አገዳውና እበቱ ይላወሳል። ዝናቡ ሲመጣ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። «ያልበላ መሬት ያስታውቃል። ውሃ ስትሰጠው ይተፋዋል» አለኝ።

ሁሉንም ጻፍኩት። ወረቀት አልነበረኝም፤ ኋላቀር አሠራር ሪፖርት የምናደርግበት ቅጽ ጀርባ ላይ ነው የጻፍኩት። ኮሌጅ ሳለን ስለ ፍግ ግማሽ ገጽ ነበረን። ለፈተና አይመጣም ተብለን ዘለልነው።

ነሐሴ 22

ማዳበሪያው መጣ! ከዘራን ከወር በላይ ቆይቶ። ከአምስት ቀን በፊት ሜዳ ላይ አራግፈውት ሄዱ፤ ዝናብ መታው፤ ድንጋይ ሆነ። አሁን ለቤት መሠረት ይሆናል።

ጓድ ተክለሃይማኖት መጡ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸው ማሳው ላይ ነው። «አየህ ዳፕ ምን እንደሚሠራ?» አሉኝ። ከረጢቶቹ እግራቸው ሥር ናቸው፤ አፋቸው እንደተሰፋ። አይተዋቸዋል። ማየታቸውን እኔም አይቻለሁ።

«አዎ ጓድ» አልኩ።

መስከረም 19

ፎቶ አንሺ ከናዝሬት መጣ። ስንዴው ዛላ አውጥቶ ደረቴ ጋ ደርሷል። ከሰሌዳው አጠገብ ቆሜ ተነሳሁ። ሆራም ሊነሳ ቀረብ ሲል ፎቶ አንሺው በእጁ ገለል አደረገው። ጨርቁ አሮጌ ነው፤ ለሳይንስ አይመችም። እኔ ካሜራውን ማየቴን ቀጠልኩ።

ስሜ ለቡልጋሪያ ተልኳል አሉ። አከራዬ እትዬ ዘሃራ ሲሰሙ ብርድ አገር ነው ብለው የሟች ባላቸውን ካፖርት ከሳጥን አወጡልኝ። እጅጌው ጣቶቼን ይውጣል። በዚህ የናዝሬት ሙቀት ካፖርት ለብሼ ግቢው መሀል ቆምኩ። ልቤ ግን ደስ ብሎታል፤ ምን ልደብቅ።

ጥቅምት 7

ሪፖርቴ ተመለሰ። የግንቦቱ።

አምስት ወር ሙሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ቆይቶ ነው። ማዳበሪያ ቢሆን ኖሮ ዝናብ ይመታው ነበር፤ ክስ ግን ደረቅ ሆኖ ይደርሳል። አራት ማኅተም አለበት። ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ «እርምጃ ይወሰድ»።

ገርባ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ አባላቱን ሰብስቦ አነበበው። «የጋራውን መሬት በእበት በመበከል ላይ የሚገኝ...» ዐረፍተ ነገሯ በሰው አፍ ስትነበብ አታምርም። ጭራሽ አታምርም። ውሳኔው፦ የሆራ ሁለት በሬዎች ለማኅበሩ ገቢ ይሆናሉ።

ሆራ በሬ ከሌለው ምን ይቀረዋል? ገርባን ወደ ጎን ወስጄ ትንሽ እንዲያቆየው ለመንኩት። «ፊርማው ያንተ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ።

ጥቅምት 10

ጓድ ተክለሃይማኖት ቢሮ ገባሁ። ተሳስቼ ነው፣ ሪፖርቱን ልሳበው አልኩ። ተነስተው በሩን ዘጉ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። የሽማግሌው በረት ትክክል ከሆነ ሰሌዳው ምንድን ነው? ሰሌዳው ውሸት ከሆነ ፎቶውስ? ፎቶው ውሸት ከሆነ ወደ ላይ የተላከው ስም የማን ነው? እንደ አስተማሪ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ለካ ሁሉንም ያውቁ ኖሯል።

«አንዱን ምረጥ» አሉኝ። «በሬ ወይስ ሶፍያ።»

ጥቅምት 11

ሶፍያ በረዶ ይጥላል አሉ። በረዶ ላይ ምን ይዘራል?

ጥቅምት 16

ሪፖርቱን አልሳብኩም። በሬዎቹን ዛሬ ወሰዷቸው። በአዲሱ መንደር በረት፣ በመስመር ከቆሙት ጋር በመስመር አሰሯቸው። ዳለቻ ወደ ማሳው ዞሮ ነበር የቆመው። ለመመሪያው አዙረው አቆሙት።

አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ኦቦ ሆራ ቤት ሄድኩ። (ኦቦ አቶ ማለት ነው፤ እስከ ዛሬ ብያቸው አላውቅም።) ስኳር! በሬ ለወሰዱበት ሰው ስኳር የሚወስድ ጅል። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ማረሻ ይሞርዳሉ። ማረሻ ለምን?... አልጠየቅኩም።

«አንተ ጻፍክ አሉኝ» አሉ።

«አዎ፣ ኦቦ ሆራ። እኔ ነኝ።»

«ጽሑፍህ ጥሩ ነው አሉ።»

ቢሰድቡኝ፣ ስኳሩን ፊቴ ላይ ቢወረውሩት በወደድኩ። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። እሳቸው ስኳሩን ተቀብለው አመሰገኑኝና ስንዴው መቼ እንደሚታጨድ ጠየቁኝ። አገዳውን እንዳታቃጥሉት፣ ለመሬቱ ተዉለት አሉኝ። ሁለቱን በሬዎቻቸውን በተነጠቁበት ቀን ስለ መሬቱ ምግብ ይጨነቃሉ።

ኅዳር 3

ነገ ነው። ንግግሬን ጓድ ተክለሃይማኖት ራሳቸው ጽፈው ሰጡኝ። አንድ ገጽ፤ «ዳፕ» የሚል ዘጠኝ ጊዜ አለበት። ሆራ የሚል የለም።

ለእትዬ ዘሃራ አነበብኩላቸው። የበሬዎቹን ነገር ያውቃሉ፤ ነግሬያቸዋለሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «የእኔ ባል በዚህ ካፖርት ውሸት ተናግሮበት አያውቅም» አሉ። ቀልድ መሰለኝ። ቀና ብዬ ሳያቸው አልሳቁም።

ኅዳር 4

ልጻፈው፣ እንዳይጠፋኝ።

አራት ላንድሮቨር መጣ። ከመኪና አይወርዱም የተባሉት ወረዱ። መሪያቸው ወፍራም፣ እንቅልፍ ያጡ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ስንዴው ወርቅ ሆኗል፤ ሰሌዳው ታጥቧል፤ አባላቱ በሰልፍ ቆመዋል፤ ኦቦ ሆራ ከሰልፉ መጨረሻ። ወረቀቴን አወጣሁ። «የተከበራችሁ ጓዶች፣ ይህ የምታዩት ውጤት የዳፕ...» ብዬ ጀመርኩ። ዳፕ ላይ ቆምኩ። ገና አንደኛው ነው፤ ስምንት ይቀራል። ጀግንነት አልነበረም፤ አፌ እምቢ አለ እንጂ።

«ይህ ማሳ ዳፕ አልነካውም» አልኩ። «ማዳበሪያው የደረሰው ከዘራን በኋላ ነው። እዚያ ጋ ድንጋይ ሆኖ ተቆልሏል። እዚህ የገባው የኦቦ ሆራ ከብቶች እበት ነው። እኔ ቆሻሻ ነው ብዬ ከሰስኳቸው፤ በሬዎቻቸው ተወሰዱ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ጓድ ተክለሃይማኖት ሳል ያዛቸው። አልለቀቃቸውም። ሌላው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ለመጀመሪያ ጊዜ አፈሩን የሚያይ ሰው በዛ።

መሪው ወደ ማሳው ገቡ። እየከበዳቸው ቁጢጥ አሉና አንድ እፍኝ አፈር አነሱ፤ አሸተቱት። አጠገባቸው ስለነበርኩ እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት። «አባቴም በረቱን ያዞር ነበር» አሉ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ተነስተው እጃቸውን አራገፉና ድምፃቸውን ቀየሩ። የሰፊው ሕዝብ የፈጠራ ችሎታ፣ የራስን አቅም የመጠቀም መመሪያ፣ ቀድሞም በዕቅድ የተያዘ... አንድም ቃል አላመለጣቸውም። አጨበጨብን።

ወደ መኪናቸው ሲገቡ ገርባን ጠርተው፣ «በሬዎቹን መልሱለት» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ሁሉም ነገር ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ኅዳር 14

በሬዎቹ ተመለሱ። ከስተዋል። በመስመሩ በረት ውስጥ ለከብት የተዘጋጀው መስመሩ ብቻ ነው መሰለኝ። ኦቦ ሆራ ዳለቻን ጀርባውን ዳበሱት። ሄድኩና ቦራን እኔ ዳበስኩት። አዩኝ።

ለቡልጋሪያ ሌላ ሰው ተመርጧል። ስለ ስንዴ ብዙ አያውቅም፤ ዝም ማለት ግን ያውቃል ይባላል። ካፖርቱን መለስኩ። እትዬ ዘሃራ፣ «ይቀመጥልህ፣ ያንተ ነው» ብለው መልሰው ሰጡኝ።

ኅዳር 27

መመሪያ ከመጣ ሳምንት ሆነው። በረት ከእንግዲህ ሳይንሳዊ ነው! ዝርዝሩ፦ የበረት አዘዋዋሪ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ በረቶች በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ዓርብ በሦስት ሰዓት፣ በቀጥታ መስመር ይዘዋወራሉ፤ ሪፖርት በሦስት ቅጂ ይቀርባል። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ሁለቴም ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። ስለዚህ በሕጋዊ መንገድ የተነቃነቀ በረት እስካሁን የለም። ኦቦ ሆራ ግን ስንዴው እንደታጨደ አገዳው ላይ አጥራቸውን ተክለዋል። ገርባ አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

ሰሌዳው ተነቅሎ ቦይ ውስጥ ተጥሎ ነበር። ዛሬ ስሄድ የኦቦ ሆራ በረት መዝጊያ ሆኖ አገኘሁት። ጽሑፉ ወደ ውስጥ ዞሯል፤ ከብቶቹ እንዲያነቡት ይሆናል። ጠንካራ ጣውላ ነው፣ ቀለሙም ውሃ አያስገባም አሉኝ።

ታኅሣሥ 10

የዝውውር ደብዳቤዬ ባለፈው ሳምንት ደረሰ። ሞጆ። የማዳበሪያ መጋዘን ጸሐፊ። ጓድ ተክለሃይማኖት ቀልድ አያውቁም የሚል ሰው ተሳስቷል።

ዛሬ ጠዋት ከአውቶቡሱ በፊት ኦቦ ሆራን ልሰናበት ሄድኩ። አንድ ጆንያ አስረው ጠበቁኝ። ስንዴ መሰለኝ፤ አልወስድም አልኩ። ፈትተው አሳዩኝ። ከበረቱ የወጣ ፍግ፤ የደረቀ፣ የተፈረፈረ፣ ጥቁር። ከመጋዘኑ ጀርባ ባዶ መሬት እንዳለ አንድ ጊዜ ነግሬያቸው ነበር ለካ። ከላይ በትንሽ ጨርቅ የተቋጠረ የቦሎቄ ዘር አለ። «መጀመሪያ ይኼን፣ ከዚያ ስንዴ» አሉኝ። እንደገና ኢልመ ኮ አሉኝ። ከጥቅምት ወዲህ ብለውኝ አያውቁም ነበር። እንባዬ መጣ፤ አቧራ ነው አልኩ።

ሞጆ ሳንገባ ኬላው አስቆመን። ያለ ፈቃድ እህል የሚያሳልፍ እንዳለ ይፈተሻል። ተቆጣጣሪው ጣሪያ ላይ ያለው ጆንያ የማን ነው አለ። አወረድኩለት። እህል ያገኘ መስሎት በደስታ ፈታውና እጁን እስከ ክንዱ ከተተ። አወጣው። አሸተተው። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው በመስኮት ያየኛል። እኔ ባለ ዲፕሎማው፣ ክንዴ ላይ ካፖርት።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ማዳበሪያ ነው» አልኩት።

ቀልድ መስሎት እስክስቅ ጠበቀ። አልሳቅኩም። የጆንያውን አፍ መልሼ አሰርኩና ተሸክሜው ወደ አውቶቡሱ ወጣሁ።